«ሥራ የለኝም፤ ቤት ነኝ»፦ የጌዴኦ የቤት እመቤትና የጥገኝነት ታሪክ

ዲላ ከተማ ውስጥ ወይም ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ፣ ቤት ለቤት እየዞረ ቅጽ የሚሞላ ሰው አንዲትን እናት «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ አጭር ነው፦ «ሥራ እንኳን የለኝም፤ ቤት ነኝ።» ጠያቂውም «የቤት እመቤት» በሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

እኛ ግን እስቲ እዚያው ጥያቄ ላይ ትንሽ እንቆይ። እኚህ እናት ዛሬ ጠዋት እሳት አያይዘዋል፣ ውኃ ቀድተዋል፣ ልጅ አጥበው ትምህርት ቤት ልከዋል፣ ከጓሮ እንሰት ሲፍቁ አርፍደዋል። ቤት ውስጥ የታመመ ካለ ደግሞ ሲያስታምሙ ያመሻሉ። ታዲያ «ሥራ የለኝም» ማለትን ከየት ተማሩት? ሰው ራሱን እንደዚህ ማየት ሲለምድስ ጤናው ምን ይሆናል?

መልሱን ፍለጋ ከጌዴኦ ጓሮ ተነስተን በ1952 ዓ.ም. የወጣ አንድ ሕግ ጋ እንደርሳለን፤ ከዚያ አሜሪካ ውስጥ በጠጪ ባሎች ሚስቶች ላይ የተለጠፈ ስም አይተን እንመለሳለን። የአገራችንን ታሪክ በእኛው አቆጣጠር፣ የውጭውንና የጥናቶቹን ዓመት ደግሞ እ.ኤ.አ. እያልን እንጽፋለን።

ትልቅ ስም፣ ትንሽ ቦታ

በቃሉ እንጀምር። «እመቤት» የመጣው «እመ ቤት» ከሚለው የግዕዝ አነጋገር ነው፤ የቤት እናት ማለት ነው። ትልቅ ስም ነው። ድሮ ርስት ያላት፣ አሽከርና ገረድ የምታዝ ወይዘሮ እመቤት ትባል ነበር። የኦርቶዶክስ ምእመናን ማርያምን «እመቤታችን» ይሏታል። «የቤት» የምትለዋ ቃል ከፊቱ ስትጨመር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ «የቤት እመቤት» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ደመወዝ የሌላትን ሴት ነው። ስሙ የወጣላት በማታገኘው ገንዘብ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አገሮች ዓመታዊ ምርታቸውን የሚያሰሉበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ለቤተሰብ ያለ ክፍያ የሚሰጠውን አገልግሎት፣ ማለትም ማብሰሉን፣ ማጽዳቱን፣ ልጅ ማሳደጉን አይቆጥርም። የኒውዚላንድ የፓርላማ አባል የነበረችው ማሪሊን ዌሪንግ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን አጥብቃ ተቸች። ከንጋት በፊት ተነስታ ውኃና እንጨት ስትሸከም የምትውል ሴት በኢኮኖሚስቶች መዝገብ ላይ ምንም የማታመርት ተብላ እንደምታልፍ አሳየች። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፉ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ ለራስ ቤት የሚሠራውም «ሥራ» ተብሎ እንዲጠራ ወሰነ። በዚያው ዓመት የእኛው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ አገር አቀፍ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት አካሄደ፤ ክፍያ በሌለው የቤት ሥራ ላይ ሴቶች ከወንዶች በጣም የበዛ ሰዓት እንደሚያሳልፉም ታየ። ሰዓቱ ተቆጠረ። «ሥራ የለኝም» የሚለው መልስ ግን ገና አልተለወጠም።

ቤቱን የሚያኖረው ጓሮ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ዲላ ስትደርሱ፣ ዙሪያውን ደን የሚመስላችሁ ነገር አብዛኛው ሰው የተከለውና የሚንከባከበው ነው። ከላይ ትልልቅ የአገር ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰትና ቡና፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ጎመኑና ሌላው አትክልት። ይህ ጥምር እርሻ ከትክል ድንጋዮቹና ከባህላዊ ሥርዓቱ ጋር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጌዴኦ በአገራችን ብዙ ሕዝብ በጠባብ መሬት ላይ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ያን ሁሉ ሰው ለዘመናት ያኖረው ደግሞ በዋናነት እንሰት ነው።

እንሰቱን መትከሉ የወንዱም ሥራ ነው። ምግብ ማድረጉ ግን የሴቷ ነው። ግንድ የሚመስለውን ክፍል ትሰነጥቃለች፣ ሳንቃ ላይ አስደግፋ በቀርከሃ ትፍቃለች፣ ሥሩን ትከተክታለች፣ ሁሉንም በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ቀብራ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እንዲቦካ ትተወዋለች። ከዚያ ቆጮው ይወጣል፤ ጌዴኦዎች ዋሳ ይሉታል። ተጣርቶ የሚረጋው ነጩ ቡላ ይሆናል፤ ቃጫው ለገመድ ይውላል። መቼ እንደሚገለበጥ፣ መቼ እንደደረሰ፣ የትኛው የእንሰት ዓይነት ለየትኛው ምግብ እንደሚሻል የምታውቀው እሷ ናት። በማይክሮባዮሎጂ ዓይን ካያችኋት፣ ይህች «ሥራ የሌላት» ሴት ለዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችን በሙቀት፣ በአየርና በጊዜ የምትቆጣጠር የማብላላት ባለሙያ ናት።

ቡናው ሌላ ነው። ቡና ብር ነው። ለቀማውና ማድረቁ ላይ ሴቷም ልጆቹም አሉበት፤ ገበያ ወስዶ ብሩን የሚቀበለው ግን በአብዛኛው አባወራው ነው። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ኢኮኖሚ ይኖራል፦ በየቀኑ የሚበላውና ማንም የማይቆጥረው የእሷ፣ በዓመት አንድ ወቅት መጥቶ የሚቆጠረው የእሱ። ለደብተር፣ ለመድኃኒት፣ ለልብስ ብር ሲያስፈልግ እጇን የምትዘረጋው ቤቱን የምትመግበው ሴት ናት። እስቲ ፍረዱ፦ በማን ላይ ማን ነው የተደገፈው?

በ1952 ዓ.ም. የሆኑት ሁለት ነገሮች

ይህ አቀማመጥ ታሪክ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጌዴኦ በምኒልክ መንግሥት ሥር ሲገባ፣ ገበሬው ለሹማምንትና ለወታደሮች ገባር ሆነ። ግብር ብቻ አይደለም የሚከፍለው፤ ጉልበቱንም ጭምር ነው። በደቡብ የገባር ሥርዓት ውስጥ የገባሩ ሚስትም ለጌታው ቤት እህል ትፈጭ፣ እንጨትና ውኃ ትሸከም ነበር። በኋላ ቡና ዋጋ ሲያወጣ መሬቱም ተፈላጊ ሆነ፤ ባለመሬቱም ከምርቱ የሚጠይቀው ድርሻ ከበደ።

በ1952 ዓ.ም. ነገሩ ፈነዳ። የጌዴኦ ገበሬዎች ሚችሌ ላይ ከባለመሬቶቹና ከመንግሥት ኃይል ጋር ተጋጩ። ባብዛኛው ጦር የያዘ ገበሬ ጠመንጃ ከያዘ ጋር ነበር የገጠመው፤ ብዙ ሰውም አለቀ። ይህ አመፅ በኢትዮጵያ የገበሬዎች ትግል ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሳ ነው።

በዚያው በ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። አንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አደረገው፤ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ደነገገ። መኖሪያ የሚመርጠውም ባል ሆነ። አንቀጽ 646 ደግሞ ባል ለሚስቱ አገልጋይ ሊያመጣላት ካልቻለ፣ የቤቱን ሥራ እሷው ራሷ የመሥራት ግዴታ አለባት አለ። እርግጥ ነው፣ ገጠር ውስጥ ከሕጉ ይበልጥ የሚሠራው ልማዱ ነበር። ግን ልማዱም ሕጉም የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ የቤቱ አለቃ አንድ ነው፣ እሱም ወንዱ ነው።

ሁለቱን ክስተቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። ገበሬው በሌላ ሰው መሬት ላይ ነበር የሚኖረው፤ የባለመሬቱን ፊት ያያል፣ ቁጣውን ይፈራል፣ ደስ እንዲለው ይደክማል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ «ባሕርይህ ጥገኛ ነው፤ ራስህን ስለማትወድ ነው» ብሎ የመረመረው ሰው የለም። መሬቱ የእሱ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃላ! የገበሬው ሚስትም የምትኖረው በሌላ ሰው ስም በተያዘ መሬት፣ በሌላ ሰው እጅ በሚገባ ብር ነበር። የእሷ መፍራትና ደስ ለማሰኘት መድከም ግን «የሴት ጠባይ» ተባለ።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የጭሰኛው ገመድ ተበጠሰ። የሚስቱ ግን በአብዛኛው እንደተቋጠረ ቀረ፤ በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ስሙ የሚሰፍረው አባወራው ነበርና።

ከአሜሪካ የመጣው ስም

አሁን ባሕር እንሻገር፤ ምክንያቱም ዛሬ ብዙ ወጣቶች በስልካቸው የሚያነቡት አንድ ቃል አለ፦ ኮዲፔንደንሲ። በአማርኛ የተጠላለፈ ጥገኝነት ልንለው እንችላለን። የራስን ፍላጎት ትቶ የሌላውን ሰው ስሜት፣ ጥፋትና ችግር ሲያስተዳድሩ መኖር፤ «እሱ ደህና ከሆነ እኔም ደህና ነኝ» ማለት ነው። ይህ ቃል ከየት መጣ?

ከጠጪ ቤት። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ መጠጥ ለማቆም የሚታገሉ ሰዎች የሚረዳዱበት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1951 ደግሞ የጠጪዎቹ ቤተሰቦች አል-አኖን የተባለውን የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ባለሙያዎችም ዓይናቸውን ወደ ሚስቶቹ አዞሩ። በ1953 ቴልማ ዌለን የተባለች የቤተሰብ አማካሪ የጠጪ ሚስቶችን በአራት ዓይነት ከፈለቻቸው፤ መከራ ወዳድ፣ ተቆጣጣሪ፣ ወላዋይና ቀጪ የሚሉ ስሞችም አወጣችላቸው። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ ባል የሚጠጣው ሚስቱ እንዲህ ያለች ስለሆነች ጭምር ነው።

በዓመቱ፣ በ1954፣ ጆአን ጃክሰን የተባለች የማኅበረሰብ ተመራማሪ ሌላ ነገር አሳየች። ሚስቶቹን ለረጅም ጊዜ ስትከታተል፣ መሸፋፈኑም፣ ገንዘብ መደበቁም፣ ቁጣውም፣ ቤቱን ብቻ መምራቱም ደረጃ በደረጃ የመጡ መሆናቸውን አየች። ቤተሰቡ ከቀውስ ጋር ለመኖር ያወጣቸው ዘዴዎች ናቸው። ቀውሱ ሲቀየር ጠባዩም ይቀየራል።

ያሳዝናል፣ በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የተሰማው የመጀመሪያው ድምፅ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ «ኮዲፔንደንት» የሚለው ስም በሱስ ሕክምና ማዕከላት ተለመደ። በ1986 ሜሎዲ ቢቲ ስለዚሁ የጻፈችው መጽሐፍ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። መጽሐፉ ብዙ ሰዎችን ጠቅሟል፤ «እኔስ?» ብለው እንዲጠይቁ አድርጓል። በዚያው ዓመት ቲመን ሰርማክ የተባለ ሐኪም ጥገኝነቱ ራሱን የቻለ የአእምሮ ሕመም ተብሎ እንዲመዘገብ ሐሳብ አቀረበ። የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር ግን በሕመሞች መዝገቡ ውስጥ አላስገባውም። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ «ኮዲፔንደንት ነሽ ወይ? ተፈተኚ» የሚል ነገር ብታዩ፣ የሚለካው በሕክምና የታወቀ በሽታ እንዳልሆነ እወቁ።

አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1963 ቤቲ ፍሪዳን የተማሩ አሜሪካውያን የቤት እመቤቶችን ባዶነት በመጽሐፏ ስትገልጥ አገር ተንጫጫ። በ1984 ግን ጥቁሯ ጸሐፊ ቤል ሁክስ እንዲህ ስትል ሞገተቻት፦ ያ የሞላላቸው ነጭ ሴቶች ችግር ነው፤ ድሃዋና ጥቁሯ ሴት መቼ ሥራ ፈታ ታውቃለችና! የጌዴኦዋ ሴት ለሁክስ ትቀርባለች። ችግሯ ሥራ ማጣት ሆኖ አያውቅም።

ሐሳብ ሲበዛ

ይህ ሁሉ ማለት ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። አለ። ስሙ ነው የተሳሳተው።

ድሮም ቢሆን ሕመሙ የሚናገርበት መንገድ ፈልጎ ነበር። በሌላው የአገራችን ጫፍ፣ ጎንደር ውስጥ፣ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 መልካም አየሁ በተባለች ባለዛር ዙሪያ የሚሰበሰቡትን ሴቶች ወራት ተቀምጦ አጠና። ለራሷ ምንም የማትጠይቅ ሚስት ዛሯ ሲነሳ ሽቶ ትጠይቃለች፣ ቀሚስ ትጠይቃለች፣ ዶሮ ይታረድ ትላለች። ባልየው እምቢ አይልም፤ ጠያቂው ዛሩ ነዋ! አንትሮፖሎጂስቱ አይ. ኤም. ሉዊስ በ1966 እንዲህ ያለውን አምልኮ አቅም ያጡ ሴቶች በተዘዋዋሪ የሚያሰሙት አቤቱታ ብሎ ተነተነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ነገሩን አቃልሎታል ብለው ተከራክረውታል፤ ቢሆንም «እፈልጋለሁ» ለማለት መንፈስ ማስቀደም ያስፈልጋት የነበረችውን ሴት ለማየት ይረዳናል።

ዛሬ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በአማርኛም የሚሠራበት፣ 20 አጫጭር ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። የሚጠይቀው ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካም፣ ስለ ማልቀስ ነው። ራሷን እንደማትረባ ሰው ታይ እንደሆነም ይጠይቃል። በአገራችን ይህ አካሄድ ጠቃሚ ነው፤ «ድባቴ ይዞኛል» ብሎ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ጥቂት ነው። የሚመጣው «ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ያቃጥለኛል፣ ሐሳብ ይበዛብኛል» ብሎ ነው። በጌዴኦ ደግሞ ጥያቄው በጌዴኡፋ ሲቀርብ፣ ማለትም ሴትየዋ ልጆቿን በምታባብልበት ቋንቋ፣ መልሱ ይበልጥ እውነት ይሆናል።

ይኸው መጠይቅ ቡታጅራ አካባቢ ከ3,000 በላይ ሴቶች በተጠየቁበት ጥናት ውስጥ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ሲሆን፣ ትዳር ከነበራቸው ሴቶች 71 ከመቶው በሕይወታቸው በአንድ ወቅት በባላቸው ወይም በአጋራቸው አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ጥናቱ በተካሄደባቸው አገሮች ሁሉ፣ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች የአእምሮ ጭንቀት ምልክታቸው ካልደረሰባቸው የበዛ ነበር።

ራስን ስለማየት የሚናገር ሌላ ቁጥር እንይ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ወይ ተብሎ ተጠየቀ፤ ወጥ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ እየተባለ። ቢያንስ በአንዱ የተስማሙት ወንዶች 28 ከመቶ ሲሆኑ ሴቶቹ 63 ከመቶ ነበሩ። ቆም ብላችሁ አስቡት፤ ከመቺዎቹ ወገን ይልቅ ከተመቺዎቹ ወገን የሚበዛው ሰው «ይገባል» አለ። ይህ ከሴቶቹ አእምሮ የመነጨ በሽታ አይደለም። ትውልድ ከትውልድ ሲነገራቸው የኖረውን መልሰው መናገራቸው ነው፤ እንደ «ሥራ የለኝም» ሁሉ።

ጓሮው ሲጠፋ ደግሞ ምን ያህል እንደሚከብድ ጌዴኦ በ2010 ዓ.ም. አይቷል። በሚያዝያና በሰኔ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጌዴኦ የተጠለሉትን ሲያጠኑ፣ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ምልክት አገኙ። ለእንሰት ባለሙያዋ ሴት የጠፋው ጣሪያ ብቻ እንዳልነበር አስቡ። ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረው የወራት ምግብ፣ የምታውቀው ሙያ፣ «ይሄን የምችለው እኔ ነኝ» የምትልበት ቦታ አብሮ ጠፋ።

ቋጠሮው ሲፈታ

በታሪክ የተሠራ ነገር በታሪክ ይፈታል። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት አጠቃቀምና አስተዳደር ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ «ባል አለቃ ነው» የሚለውን ሽሮ ቤተሰቡን ሁለቱም እኩል ይመሩታል አለ፤ ክልሎችም የየራሳቸውን አወጡ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ በአማራና በደቡብ ክልሎች የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ ተደረገ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን በፊት መዝገብ ላይ ያልነበረች ሴት የራሷን ፊት በመሬቱ ወረቀት ላይ ስታይ፣ ስለ ራሷ የምታስበው እንዴት እንደሚቀየር ገምቱ።

ለሕመሙም መላ አለ። ዚምባብዌ ውስጥ የሾና ቋንቋ ተናጋሪዎች «ኩፉንጊሲሳ» ይላሉ፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው፣ ልክ እንደኛው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ የሰፈር አሮጊቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ታማሚዋን ያዳምጣሉ፣ ችግሮቿን አብረው ይዘረዝራሉ፣ አንዱን መርጠው መፍትሔ ይሞክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የቀረባቸው በአሮጊቶቹ ከታገዙት 13.7 ከመቶ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ግን 49.9 ከመቶ እንደነበሩ አሳየ። ልብ በሉ፣ አሮጊቶቹ «ጠባይሽ ነው» አይሉም። «ምን ገጠመሽ? ከየቱ እንጀምር?» ነው የሚሉት። ቡና ሲጠራሩ፣ በእድርና በእቁብ ሲሰባሰቡ የኖሩ ሴቶች ላሉበት አገር ይህ እንግዳ አይደለም።

እስቲ እናንተም አንድ ነገር ሞክሩ። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ እንዳደረጉት፣ ቤታችሁ ያለችውን እናት ወይም እህት አንድ ቀን ከንጋት እስከ ማታ ተከታተሉና በየግማሽ ሰዓቱ የምትሠራውን ጻፉ። ሁለት ነገር በአንዴ ስትሠራ ሁለቱንም መዝግቡ። ማታ ወረቀቱን አሳዩአት፤ ከዚያ ከዝርዝሩ ውስጥ ከነገ ጀምሮ የእናንተ የሚሆነውን አብራችሁ ምረጡ። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ማልቀሱ፣ «አልረባም» ማለቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ ጤና ጣቢያ አብራችኋት ሂዱ። መዝገብ ክፍል «ሥራ?» ብለው ሲጠይቋት፣ ወረቀቱ በእጃችሁ ነው።